ወንድም ጋሼ ክኒኑን የተወበት ጥቅምት

ዛሬ ጠዋት ከጀጎል በሮች አንዱ በሆነው በኤረር በር ሳልፍ ሴቶቹ ጥንቅሽ በእቅፍ በእቅፍ አስረው ወደ ገበያ ሲያስገቡ አየሁ። ጥቅምት መግባቱን ያወቅሁት በዚያ ነው። አራት ዓመት ሞላው። ስለዚያ ቅዳሜ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ዛሬ ልሞክር።

ወንድሜን ታምራትን ወንድም ጋሼ ነበር የምለው። በሃያ ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝና እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያስተማረኝ እሱ ነው። ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ይሰፋ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጎብጦ ሲውል ሲውል ደም ብዛት ያዘው። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ክኒን ሰጠችውና በየቀኑ በእግሩ እንዲሄድ አዘዘችው። ክኒኑን መዋጥ አላስቸገረውም። የቸገረው መሄዱ ነበር።

"ደግሞ ዝም ብሎ ይኬዳል እንዴ?" አለኝ።

እውነቱን ነው። እኛ ሰፈር ያለ ጉዳይ የሚሄድ ሰው የለም። አሥር እርምጃ ሳትራመድ አንዱ "ወዴት ነው?" ይልሃል፤ መልስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ወንድም ጋሼ የተጣጠፈ ጨርቅ በብብቱ ይዞ ይወጣ ጀመር። ለጠየቀው ሁሉ "ለደንበኛ ላደርስ ነው" ይላል። ያ ጨርቅ አንድ ወር ሙሉ የጀጎልን ግንብ ሲዞር ከረመ። በመጨረሻ አንዲት ጎረቤታችን "ታምራት፣ ይሄ ደንበኛህ ቤቱ ጅጅጋ ነው እንዴ?" አለችው። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ወዲያ ባዶ እጁን መውጣት ጀመረ።

እኔም አብሬው እወጣ ነበር። ማለዳ፣ ፀሐይ ግንቡን ሳታልፍ፣ በኤረር በር ወጥተን ቁልቁል ወደ እርሻዎቹ እንወርዳለን። መጀመሪያ ላይ እኔ እየቀደምኩ እጠብቀው ነበር። በኋላ እሱ ይጠብቀኝ ጀመር። እራስ ምታቱ ተወው። እንቅልፍ መጣለት። እራት ላይ ቀልድ ያወራ ጀመር። እናታችን "ልጄን ሜዳው መለሰልኝ" ትል ነበር።

ከዚያ ክኒኑን ተወ። ከቤታችን ለእኔ ብቻ ነው የነገረው። "ምንም አያመኝም እኮ። ያልታመመ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል? ለእማማ እንዳትነግር፣ ትጨነቃለች።" አልነገርኩም። እንዴት ልበለው፣ ምስጢር ስለሰጠኝ ኮርቼ ነበር።

ያን ቅዳሜ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ነበር። ጤዛው ሱሪያችንን እስከ ጉልበት አበሰበሰው። የሚያውቀን አንድ ገበሬ ከእርሻው ውስጥ አየንና ሁለት አገዳ ጥንቅሽ ቆርጦ ሰጠን።

"ዛሬስ ወዴት ነው?" አለው።

"የትም" አለ ወንድም ጋሼ ደረቱን ነፍቶ።

"ማሻ አላህ! ሀብታም ሆነሃል ማለት ነው።"

ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ወንድም ጋሼ ጥንቅሹን እንደ ልጅ በጥርሱ እየላጠ፣ ጭማቂው በአገጩ እየወረደ፣ ጋራ ሐኪምን ያይ ነበር። "ዮኒ" አለኝ፣ "እኔ እኮ ታምሜ አላውቅም። ተቀምጬ ነው የኖርኩት።" አመንኩት። ፊቱን ያየ ሁሉ ያምነው ነበር።

ስንመለስ ጋሽ አብዱላሂ ሥራ ጀምረዋል። ከወንድሜ አጠገብ የሚሰፉ፣ በዕድሜ የሚበልጡት ጓደኛው ናቸው። እሳቸውም ደም ብዛት አለባቸው።

"ባለ ሜዳው መጣ!" አሉ የስፌት መኪናቸውን ሳያቆሙ።

"ይምጡ ብልዎት እምቢ አሉ። ሆድዎ እኮ ከእርስዎ ቀድሞ ነው በር የሚገባው።"

"አንተ ባለጌ! ወላሂ ከሰኞ ጀምሮ እየሄድኩ ነው። ክኒኑንም እንዳንተ ተውኩት። አልሐምዱሊላህ፣ ምንም የለብኝም።"

ሁለቱ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

እሑድ ጠዋት ወንድም ጋሼ ለቤተ ክርስቲያን ነጠላውን ሲያጣፋ ወደቀ። ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሙ ደም ጭንቅላቱ ውስጥ ፈሷል አለን። "መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይወስድ ነበር?" ብሎ ጠየቀ። እናቴ "አንድ ቀን አጉድሎ አያውቅም" አለች። እኔ ወለሉን አየሁ። ሲመሽ አረፈ። ሰኞ በስድስት ሰዓት ቀበርነው። ጋሽ አብዱላሂ ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ ቃሬዛውን ከትከሻቸው አላወረዱም።

መሄዱ አልገደለውም። ይህን ለመቀበል ጊዜ ወስዶብኛል። አንድ ዓመት ያህል በኤረር በር አልወጣሁም፤ መንገዱን ተቀይሜው ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን እነዚያ ሁለት ወራት ወንድሜን ከሁሉ ይበልጥ ደስ ብሎት ያየሁባቸው ናቸው። ማለዳው እውነት ነበር። ስህተቱ አንዱ በሌላው ይተካል ማለታችን ነው።

በቀብሩ ማግስት፣ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ ከድንኳኑ ተነሣሁ። ሐዘንተኛ እስከ ሣልስት ከቤት አይወጣም። ከእድሩ ሽማግሌዎች አንዱ "አንተ፣ ወዴት?" አሉኝ። "መጣሁ" ብዬ ወጣሁ።

ጋሽ አብዱላሂ ወደ እኛ ለመምጣት ደጃፋቸው ላይ ጫማ ሲያደርጉ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ደነገጡ።

"እናትህ ምን ሆነች?"

"ደኅና ናት። ጋሽ አብዱላሂ፣ ክኒኑን እየወሰዱ ነው?"

"ትቼዋለሁ አልኩ እኮ። ታሜ ራሱ ነው..."

"ተሳስቶ ነው" አልኩ። ከተቀበረ አንድ ቀን ያልሞላውን ወንድሜን። "እሱም ትቶት ነው የሞተው። እኔ አውቅ ነበር።"

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ጫማቸውን አስረው ጨረሱና እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ጎትቼ አስነሣኋቸው። "እንሂድ በላ" አሉ።

በእግራችን ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተር ክንዳቸውን ጠቅልላ ለካች። እንደገና ለካች።

"አባቴ፣ ይሄ በጣም ከፍ ብሏል። መድኃኒቱን ለምን አቋረጡ?"

ጋሽ አብዱላሂ መሬት መሬት አዩ። ጓደኛቸውን መክሰስ አልፈለጉም።

"ወንድሜ ነው የመከራቸው" አልኩ እኔ። "ታምራት፣ ልብስ ሰፊው።"

ካርዶቹ ወደተደረደሩበት መደርደሪያ ዞረች። "አውቀዋለሁ፣ እሱም ከቀረ ቆየ። ነገ ራሱ ይምጣ በለው።"

"ትናንት ቀበርነው" አልኩ።