ናስትሮ የተጠቀለለበት መቋሚያ

«ይኼን ጥቁር ናስትሮ ለምን አትልጭውም?» ብለሽ ስትጠይቂኝ ዝም ያልሁት ነገሩ ረጅም ስለሆነ ነው እንጂ ተከፍቼ አይደለም። ማዕዘኑ ላይ የቆመው የአባቴ መቋሚያ ነው። እጃቸው የሚያርፍበት ራስጌው እንደ ቅቤ ለዝቧል፤ አፍንጫሽን ብታስጠጊው ዛሬም ወይራ ወይራ ይላል። ታችኛው ጫፉ ብረት የለበሰ ነው፤ ናስትሮው የተጠቀለለው እሱ ላይ ነው። የጠቀለለው የአዲስ አበባ ሰው ነው፣ ያውም በሙዚቃ መሐል። ቁጭ በይ፣ ልንገርሽ።

አባቴ ከቡሬ ወጣ ባለ ደብር የዜማ መምህር ነበሩ። ተማሪው ከሽንዲም ከማንኩሳም እየመጣ በግቢያችን ዳር ጎጆ ቀልሶ ይማር ነበር። እኔ ሴት ልጅ ነኝና ከጉባኤው አልተቀመጥሁም፤ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ክክ እየለቀምሁ ፊደሉንም ዜማውንም አብሬ ለቀምሁት። ስለዚህ ደንባቸውን አውቃለሁ። ተማሪ ሲሳሳት መቋሚያቸውን አንድ ጊዜ ጠቅ ያደርጋሉ። ጠቅ ካለ ከመጀመሪያው ይመለሳል። ጠቅ ካላለ አልፏል። «ጎሽ» የለ፣ «እሰይ» የለ። ምርቃታቸው ዝምታቸው ነበር።

ከዚያ ሁሉ ተማሪ ድምፁ የሚያምረው ታናሽ ወንድሜ ነበር። ቤት ውስጥ «አባ» ይላቸዋል፤ ጉባኤ ላይ እንደ ሌላው ተማሪ «የኔታ»። ታዲያ ትምህርቱን ሳይጨርስ አንድ ቀን ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ። ሳክስፎን መንፋት ለመደ፤ ጃዝ ከሚጫወቱ ልጆች ጋር ተቀላቀለ። አባቴ አልረገሙትም። ሰው ስለ እሱ ሲጠይቃቸው ግን «ያ እንኳ ሳይጨርስ የሄደው ነው» ይላሉ፣ የባዳ ልጅ ወሬ ይመስል። ወንድሜም ለበዓል ሲመጣ «አባ» ይላል፣ ጉልበት ይስማል፤ «የኔታ» ማለቱን ግን ተወው። ይቺ አንዲት ቃል ከቤታችን መጥፋቷ ከእርግማን ይልቅ ትከብደኝ ነበር።

አባቴ የዓይን ሞራ ሊያስገፍፉ አዲስ አበባ የመጡት እኔ እዚያ ልብስ ስፌት ቤት ስሠራ ነው። አንዱ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል፣ ሌላውም ገና ብዥ ይልባቸዋል። እኔ ዘንድ አረፉ። ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜ መጣና ከደጃፍ ቆሞ፣ ጫማውን እያየ፣ «ዛሬ ከሰዓት በኋላ እንጫወታለን፤ የውጭ አገር ሰዎችም አሉ። ቀን ነው፣ መጠጥ ቤትም አይደለም፣ የሆቴል ግቢ ነው… ካልደከመዎ ነው እንግዲህ፣ አባ» አለ።

እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር።

«የሸፈኑት ዓይኔን ነው፤ ጆሮዬን አልሸፈኑት» አሉና ጋቢያቸውን ጠየቁ።

ግቢው አዲስ የታጨደ ሣር ይሸታል። መድረኩም ከፊቱ ያለው ወለልም ሳንቃ ነው፣ ሰው ሲራመድበት ከበሮ ከበሮ ይላል። መጀመሪያ ከማሊ የመጣ ሰው ትልቅ ቅል የመሰለ፣ ባለ ብዙ አውታር መሣሪያ ታቅፎ ሲደረድር አባቴ ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉና «ይኼስ ከበገና ጋር ሳይዛመድ አይቀርም» አሉኝ። ከበሮው ሲገባ ብድግ አሉ። ዜማ ተቁሞ እንጂ ተቀምጦ አይሰማም፤ እሳቸው የሚያውቁት እንዲያ ነው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀጥ አሉ።

ከኋላችን ያሉ ልጃገረዶች «አባባ፣ ይቅርታ፣ ይቀመጡልን፤ አላየንም» አሉ።

«እኔም አላይ፣ ልጆቼ፤ እንስማ» አሉ ሳይዞሩ።

ሳቁ። አንዷ ተነሥታ ቆመች፣ ጓደኛዋም ተከተለቻት። ቆይቶ ያ መደዳ በሙሉ ቆመ።

ወንድሜ ወደ ፊት መጣ። ፀሐይዋ ሳክስፎኑ ላይ አርፋ ዓይን ትወጋለች። ምን ቢጫወት ጥሩ ነው? እናታችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ወፍጮ ላይ ሆና የምታንጎራጉራትን። ቃል የላትም፤ ከደንጊያው ጋር ወዲያ ወዲህ የምትል ዜማ ናት። ገና ስትጀመር አወቅኋትና እንባዬ መጣ። ወንድሜ ግን ፈርቶ ነው መሰለኝ አፈጠናት። ጣቱ ሮጠ፣ ሰዉ አጨበጨበለት፣ ዜማዋም ከወፍጮው አመለጠች።

ጠቅ!

ብረቱ ሳንቃውን ሲመታ ግቢው በሙሉ ሰማ። አባቴ አስበውበት ያደረጉት እንኳ አይመስለኝም፤ እጃቸው ነው ያደረገው። ወንድሜም አላሰበም። እዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቀጥ አለ። ከበሮ መቺው ዱላውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ። ወንድሜ ሳክስፎኑን ከአፉ አወረደ፣ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ከመጀመሪያው ተመለሰ። ሰዉማ የጨዋታው ወግ መስሎት ግቢውን በጭብጨባ አናጋው!

እኔ የምገባበት ሳጣ የድምፅ ባለሙያው ጎንበስ ብሎ እየሮጠ መጣ። «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እየቀዳን ነው፣ ዱላው ይሰማል» አለና ተንበርክኮ ከኪሱ ጥቁር ናስትሮ አወጣ።

«ዱላ አይደለም፣ መቋሚያ ነው» አሉት። ሲጠቀልልበት ግን ጫፉን አንሥተው ያዙለት።

ከዚያ ወዲያ ቢመቱም አይሰማ። ወንድሜ ከመድረኩ ሆኖ ይህን አየ፤ አየና ዓይኑን ጨፍኖ ቀጠለ።

አሁን ቀስ አለላት። ደንጊያው ወዲያ ሲሄድ፣ ወዲህ ሲመለስ፣ መሐል ላይ እናታችን ላቧን የምትጠርግባት ዝምታ እንኳ አልቀረችም። ወደ አባቴ ዞር ብል መቋሚያውን ከወለሉ አንሥተው በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘውታል። በስህተት ድምፅ እንዳያሰማ ነው፤ ናስትሮውንም አላመኑት። ያለ መቋሚያ ደጃፍ የማይወጡ ሽማግሌ፣ ዜማዋ እስክታልቅ ምንም ሳይደገፉ ቆሙ።

ወንድሜ ከመድረክ ወርዶ ላቡን ሳይጠርግ መጣ።

«የኔታ፣ መቱ?»

ከስንት ዘመን በኋላ፣ «የኔታ»!

«ኧረ በዚህ አገር እህል የለም?» አሉ አባቴ።

«የኔታ፣ ይንገሩኝ እንጂ፤ ናስትሮው አላሰማኝም እኮ!»

«ራበኝ ነው የምልህ፣ አንተ ልጅ» አሉና መቋሚያውን ለእኔ አቀብለው የእሱን ትከሻ ያዙ።

ወደ አገር ሲመለሱ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በመስኮት ጠሩኝ። «አይተሻል አይደል?» አሉኝ። «አይቻለሁ፣ አባ።» «እንዳትነግሪው። አልፈሃል ያሉት ተማሪ እዚያው ይቆማል። እኔ እስካለሁ ይጠራጠር።»

ናስትሮውን ሳይልጡት ደብራቸው ገቡ። ካህናቱ «መምህር፣ መቋሚያዎ ጫማ ተጫማ?» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ተማሪ ሲሳሳት መምታቱ ስለማይሰማ በአፋቸው «ጠቅ!» ይሉ ጀመር፤ እሱንም ለበዓል ስሄድ በጆሮዬ ሰምቼ በሳቅ ፈርሻለሁ። ወንድሜ ደግሞ በደወለ ቁጥር «አንቺ ምስጢረኛ፣ መትተዋል ወይስ አልመቱም?» ይለኛል። «ሂድና ተለማመድ» እለዋለሁ። በሳቅ ይለፈው እንጂ መልሱን ሲጠብቅ ትንፋሹ በስልኩ ውስጥ ይሰማኝ ነበር።

አባቴ አረፉ። የአርባቸው ማግስት፣ ሰዉ ተበትኖ ድንኳኑ ሲፈርስ፣ ወንድሜ መቋሚያውን አነሣና ናስትሮውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«አሁንስ?» አለኝ።

«አልመቱም» አልሁት። «ከፍ አድርገው ይዘውት ነበር። እስክትጨርስ።»

«ታዲያ በምን ቆሙ?»

«እኔ ምን አውቅልህ፣ ወንድሜ። ቆሙ።»

መቋሚያውን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ያዘና እንዲያው እንደ እሳቸው ቆመ። ብዙ ቆመ። ከዚያ እንደ ተኛ ሕፃን፣ ኮሽ ሳያደርግ፣ ግድግዳው ላይ አስጠጋው። «አንቺ ዘንድ ይቀመጥ» አለኝ።

ይኸው አሁን ወደምኖርባት ፍኖተ ሰላም ይዤው መጣሁ። ናስትሮው አርጅቶ ጠርዙ ይነሣል፤ ቤት ስጠርግ በጣቴ እየመለስሁ እጫነዋለሁ።