ገብርኤል በእነ ዘሀራ ቤት ያደረ ዕለት

ይህ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ለሐምሌ ገብርኤል ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ሥዕል ልማር ብዬ ሠዓሊ ዘንድ ከገባሁ ሁለት ዓመት ተኩል አልፎኝ ነበር። በዚያ ሳምንት ልተወው ቆርጬ ነበር። ለምን እንዳልተውኩት እስከ ዛሬ አጥርቼ መናገር አልችልም፤ የሆነውን ግን እንደሆነ እጽፈዋለሁ።

ከዚያ በፊት ላሊበላ ውስጥ በአንድ ሆቴል አንሶላ አጣቢ ነበርኩ። እንግዳ ሲጠፋ ሆቴሉ ተዘጋ። ከልጅነቴ ጀምሮ ባገኘሁት ወረቀት ላይ መሣል እወድ ስለነበር፣ በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ አፍሬም ፈርቼም መሪጌታ ስመኝ ዘንድ ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ያስተምሩኝ አልኳቸው። እጄን አገላብጠው አዩና፣ “ሳሙና የበላው እጅ ነው፤ ሥራ ያውቃል” ብለው ተቀበሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ድካም ነው። ቀለም መፍጨት፣ ሙጫ ማፍላት፣ አቡጀዲ ወጥሮ ነጭ መቀባት፣ ሲደርቅ በድንጋይ ማለስለስ፣ እንደገና መቀባት። ዓይንና እጅ መሣል የምለማመደው ወረቀት ላይ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ዓመት የልብስ እጥፋትና የእሳት ነበልባል እንድቀባ ፈቀዱልኝ። ፊት ግን አይነካም። “ፊት የእኔ ነው” ይሉ ነበር። አብሬያት የምኖረው እህቴ ጥፍሬ ሥር ያለውን ቀይ ቀለም እያየች፣ “አሁንም እሳት ነው የምትቀቢው?” ትለኛለች። ልታሾፍብኝ አልነበረም። እሷም ደክሟት ነበር።

በዚያ ክረምት ፍላቂት አካባቢ ላለ አንድ የገጠር ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን እየሠራን ነበር። ሥዕሉ ጨርቅ ላይ ካለቀ በኋላ ነው ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው። መሪጌታ ግድግዳውን ሊያዘጋጁ ቀድመው ሄዱ። እኔ የመጨረሻው ሥዕል ሲደርቅልኝ ጠቅልዬ እንድከተላቸው ታዘዝኩ። ቅዱስ ገብርኤል ሕፃኑን ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላ ውሃ ሲያድን የሚያሳይ ነው። በዓሉም የዚያ መታሰቢያ ስለሆነ ያለ እሱ ማክበር የሚታሰብ አልነበረም።

ጥቅልሉ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ሚኒባሱ ውስጥ አልገባ ሲል ረዳቱ በላስቲክ ሸፍኖ ጣሪያው ላይ አሰረው። ጋሸና ልንደርስ ስንል ዝናቡ ወረደ። ጋሸና ላይ ወርጄ መኪና መቀየር ነበረብኝ። ጥቅልሉ ሲወርድ ላስቲኩ በአንድ በኩል ተቀዷል፤ ከጫፉ የሚንጠባጠበው ውሃ ቀይ ነው።

መሪጌታ በሱቅ ቀለም አይሠሩም። ፈጭተው በሙጫ የሚያሲዙት ቀለም ውሃ ሲነካው ይለቃል። ስልካቸውን ደጋግሜ ሞከርኩ፤ አይሠራም። አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ጥቅልሉን እንደታቀፍኩ ቁጭ አልኩ።

ባለሱቋ ሻሿን እያስተካከለች ወጣች። ስሟ ዘሀራ እንደሆነ በኋላ ነው ያወቅኩት።

“ምን ሆነሽ ነው እህቴ?”

“ሥዕል ነው። ረጠበብኝ።”

“ታዲያ ተጠቅልሎ ይደርቃል እንዴ? ዘርጊው እንጂ።”

“የት ልዘርጋው?”

ዝናቡን አየች፤ እኔንም አየች። “ነይ ግቢ” አለችኝ።

ከሱቁ ጀርባ አንድ ሰፊ ክፍል አለ። አባቷ አባ ሰይድ መስገጃቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያ ይዘዋል። ዘሀራ ነገሩን ነገረቻቸው።

“የምን ሥዕል ነው?” አሉኝ።

“የገብርኤል ነው፣ አባባ።”

“ጅብሪል” አሉ ቀስ ብለው፤ ዓይናቸው ወደ መስገጃቸው ሄደ።

የወሎ ልጅ ነኝ። በሚሰገድበት ክፍል ሥዕል እንደማይቀመጥ አውቃለሁ። “ግድ የለም አባባ፣ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ” አልኩ።

“በዚህ ዝናብ የት ትፈልጊያለሽ?” ግድግዳውን ይዘው ተነሡና መስገጃቸውን ጠቀለሉ። “እኔ ሱቁ ውስጥ እሰግዳለሁ። ዘርጉት።”

ዘሀራና እኔ ዕቃውን ወደ ጥግ ገፍተን ወለሉ ላይ ዘረጋነው። ገብርኤል ከክንፉ ጫፍ በቀር ደህና ነው። ሕፃኑም ተርፏል። ኢየሉጣ ግን ፊት የላትም። ቀለሙ ወደ አንገቷ ፈስሶ ቡናማ እድፍ ብቻ ቀርቷል።

እንባ አልመጣልኝም። ወደ ላሊበላ የሚመለስ መኪና መቼ እንዳለ ዘሀራን ጠየቅኋት። ሥዕሉን እዚያው ትቼው ልሄድ አስቤ ነበር። “ነገ ነው እንግዲህ” አለችኝና ሻይ አመጣችልኝ። አባ ሰይድ ሱቁ ውስጥ፣ በስኳር ጆንያና በዘይት ጀሪካን መካከል ሲሰግዱ በመጋረጃው ቀዳዳ ይታዩኝ ነበር።

እዚያው አደርኩ። ጠዋት ጨርቁ ደርቋል። ወደ ፍላቂት የሚሄድ መኪና ከሰዓት አለ። እንደደረስኩ የዚያኑ ዕለት ካልተለጠፈ ሙጫው ለበዓሉ አይደርቅም፤ ስለዚህ መሪጌታ ፊቱን እንደገና ለመሥራት ጊዜ አይኖራቸውም። ግድግዳው ላይ ጨርቆቹ የሚጋጠሙበትን ለማደስ አምጪ ያሉኝ ቀለምና ብሩሽ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አወጣሁት።

መጀመሪያ የእሳቸውን እጅ ለመምሰል ሞከርኩ። የእሳቸው ቅዱሳን ፊት ረጋ ያለ ነው። የእኔ የእንጨት ፊት ሆነ። በእርጥብ ጥጥ ጠረግሁት።

አባ ሰይድ መጥተው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። መጀመሪያ ወደ ሥዕሉ ሳይሆን ወደ ሱቁ ነበር የሚያዩት። ቆይተው፣ “ሴትዮዋ ማን ናት?” አሉኝ።

“የሕፃኑ እናት ናት።”

“የፈላ ውሃ ውስጥ ናት እንዴ?”

“አዎ፣ አባባ።”

“ታዲያ አልፈራችም?”

“ፈርታለች። ያበረታት ሕፃኑ ነው።”

“እንግዲያ ፊቷ ላይ ይታያ” አሉና ተነሥተው ሄዱ።

ሁለተኛውን ስሠራ ማንንም ልመስል አልሞከርኩም። ወገቤ እየተቆረጠ፣ ጉልበቴ ወለሉ ላይ እየደነዘዘ ሠራሁ። ስጨርስ ጥሩ ይሁን መጥፎ መለየት አልቻልኩም።

ሲደርቅ ጠቀለልኩት። ዘሀራ አዲስ ላስቲክ ደርባ አሰረችልኝና ተሰናበትን። መኪናው ሲዘገይ ሻሼን እንደረሳሁ ትዝ አለኝና ተመለስኩ። ዘሀራ ጎንበስ ብላ ወለሉን በውሃ እያጠበች ነው። አባ ሰይድ መስገጃቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። አላዩኝም። ሻሼን ሳልወስድ ተመለስኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስደርስ መሪጌታ ደጁ ላይ ሆነው ሥዕሉን አስዘረጉኝ። ካህናቱ ሙጫውን ይዘው ቆመዋል። መሪጌታ ፊቱን ወዲያው ነው ያዩት።

“ይህን ፊት ማን ሠራው?”

“እኔ ነኝ።”

ዝናቡን ነገርኳቸው፤ ማን ቤት እንደደረቀም አልደበቅሁም። ረጅም ጊዜ ጎንበስ ብለው አዩዋት።

“ይቺ ሴት ደክሟታል” አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ቀና ብለው ካህናቱን፣ “ለጥፉት” አሏቸው።

በበዓሉ ቀን በሴቶቹ በኩል ቆሜ አየኋት። ሌላ ሰው ልዩነቱን ያስተዋለ አይመስለኝም። እኔ ግን ከእሷ ሌላ አላየሁም።

ከወራት በኋላ መሪጌታን ለምን እንዳላጠፉት ጠየቅኋቸው። “በዓል ደርሶ ነበር” አሉኝ። ወዲያው በተከተለው ሥራ ግን ሁለት ፊት ባዶ ትተው ከወንበራቸው ተነሡ። እኔም ሳልጠይቅ ተቀምጬ ሠራኋቸው።

አሁን ራሴን ችዬ እሠራለሁ። ድካሙ አልቀነሰም፤ ሥራ የሚጠፋበት ወር ብዙ ነው፣ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። ጥሩ ሠዓሊ ነኝ ወይስ በዓል ስለደረሰ ያለፍኩ ነኝ እያልኩ የማስብበት ቀን አለ።

በጋሸና ባለፍኩ ቁጥር እነ ዘሀራ ጋ ጎራ እላለሁ። አባ ሰይድ አርጅተዋል፤ አሁንም “ጅብሪል ደህና ነው?” ይሉኛል። ወለሉ ሲታጠብ ማየቴን አንድም ቀን አልነገርኳቸውም። ሥዕሉን ማሳደሩ ያን ያህል ከብዷቸው ሳለ እኔ ፊት ቀላል ነገር አስመስለው መያዛቸውን ሳስብ፣ ምን ብዬ እንደማመሰግናቸው ዛሬም ይጠፋኛል።