ከፎንቆ መንገድ ዳር የነቀልኩት ቀጠጥና

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም፤ ለባለቤቴ ለማርታ እንኳ። አንባቢዬ፣ ከእሷ ቀድመህ ስማኝ።

የበልግ ዝናብ በቀረበት ዓመት ሆሳዕና በአንድ ትምህርት ቤት አብረን እናስተምር ነበር፤ ገና አልተጋባንም። በከተማው ዙሪያ ባለው በሌሞ ወረዳ እንሰት ሳይቀር ቅጠሉ ጫፍ ጫፉ ደርቋል። እኛ ግን ከሥራ ስንወጣ ስልካችንን ይዘን ወደ ፎንቆ በሚወስደው መንገድ እንሄድና ሰው የሚረግጠውን፣ ጋሪ የሚደፈጥጠውን አረም ፎቶ እናነሳለን። አቧራው ላይ በሆዳችን ተኝተን እንደ ልጅ እንስቅ ነበር። ያንን የመሰለ ደስታ ነው ያቆሸሽኩት።

አንድ ቀን ቀድሜያት ሄድኩ። ሁሉ ነገር በደረቀበት ዳር አንድ ቀጠጥና ቢጫ አበባውን ደርድሮ ብቻውን ቆሟል። ፎቶ አነሳሁት። ማርታ ከሩቅ ስትመጣ አየሁ። ከእኔ አሳምራ እንደምታነሳው አውቃለሁ። ታዲያ ምን አደረግኩ? ነቀልኩት። በዚያ ድርቅ በሕይወት የተረፈውን ተክል በገዛ እጄ ነቅዬ ቦይ ውስጥ ጣልኩት።

«ምን አገኘህ?» አለችኝ።

«አቧራ» አልኳት።

በወላጆች ቀን ያ የቀጠጥና ፎቶዬ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ተሰቀለ። ማርታ የት እንዳገኘሁት እንኳ ሳትጠይቅ ከእኔ በላይ ደስ አላት። ላሞቻቸው ያለቁባቸው አንዲት እናት ግን ፎቶው ፊት ቆመው አልነቃነቅ አሉ።

«መምህር፣ እስቲ ወስደህ አሳየኝ። ዘንድሮ አበባ አላየሁም።»

«ግሬደር ጠረገው፣ እማማ» አልኩ። ግሬደሩ እኔ ነበርኩ!

ማርታ እጃቸውን ያዘች። «ይምጡ፣ ሌላ እንፈልጋለን!»

ግማሹ ወላጅ ተከተላት። መንገዱ ሠርግ መሰለ። ሽማግሌ አይል ወጣት፣ ሁሉም በየቦዩ ጎንበስ እያለ «ይኸው! ይቺን ደግሞ እዩ!» ይላል። ከድልድዩ ማዶ ያበበ ቀጠጥና ሲገኝ እናትየው እልል አሉ። ከሁሉም ጮክ ብዬ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ለመሳቅ ምን መብት ነበረኝ?

ድርቁ አስጨንቆኝ ነው አልልም። ቅናት ነው። እኔ ነቀልኩት፣ እኔ ዋሸሁ።

ማርታ፣ ይህን ስታነቢ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ከመሳቅሽ በፊት ግን አንድ ጊዜ ከልብሽ ተቆጪኝ።