ከሁለታችሁ ታማሚው ማነው?

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት አባባን ለክትትል ሆስፒታል ይዣቸው ሄድኩ...

አባባ ልብም ስኳርም አለባቸው። እናታችን ካረፈች ወዲህ የማስታምማቸው እኔ ነኝ። መቱ ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ቀን ከሱቅ ቤት ስመላለስ እውላለሁ፣ ሌሊት ትንፋሻቸውን ሳዳምጥ አድራለሁ።

ያን ቀን ጺማቸውን ላጭቼ፣ ንጹሕ ሸሚዝና ኮት አልብሼ በባጃጅ ወሰድኳቸው። ራሴን ግን በመስታወት እንኳ አላየሁም።

ወረፋው ብዙ ነበር። ለአባባ መቀመጫ ተገኘ፤ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። አጠገባቸው የተቀመጡ ከያዮ የመጡ እናት ትንሽ ሲያዩኝ ቆዩና ተነሡ።

«ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። ከዚያ ወደ አባባ ዞረው በኦሮምኛ «አባ፣ ኢንተልቲ ኬሰን ማል ታቴ?» አሉ። ልጅዎ ምን ሆነች ማለታቸው ነው። «ከታመመች ቆየች?»

ልስቅ ነበር። አባባ ግን አልሳቁም። ቀና ብለው ፊቴን አዩት... ደህና አድርገው አዩት።

«እኔ ከታመምኩ ጀምሮ ነው» አሉ።

እዚያው ሰው ፊት እንባዬ መጣ። ሴትዮዋ በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ።

ቤት እንደገባን አባባ ስልኬን ተቀብለው በደሌ ላለው ወንድሜ ደወሉ። እሱ «ልምጣና ላግዝሽ» ባለ ቁጥር «ተወው፣ እችለዋለሁ» እያልኩ የምመልሰው እኔ ነበርኩ።

«እህትህ ታማለች፤ ቶሎ ና» አሉና ዘጉት።

በማግሥቱ ብርቱካን ተሸክሞ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ከች አለ። እኔ ምስር እየለቀምኩ ነበር።

«ማነው የታመመው?» አለ ግራ ገብቶት።

«እሷ ናት» አሉ አባባ። «በእኔ በሽታ ነው የታመመችው። እንቅልፍ ያስፈልጋታል። የጠራሁህ እሷን እንድታስታምምልኝ ነው።»

«አባባ፣ እሱ እኮ መድኃኒቱን አያውቀውም፣ ጨውም ቢሆን...» ብዬ ልከራከር ሞከርኩ።

«እነግረዋለሁ። የታመመው ልቤ ነው እንጂ ምላሴ አይደለም።»

ገብቼ ተኛሁ። ስነቃ ነግቶ ነበር። ደንግጬ ሮጬ ስወጣ ሁለቱ ቁርስ ይበላሉ። ወንድሜ የሠራው ገንፎ ጎን ጎኑ አሯል፤ አባባ ዝም ብለው ይጎርሳሉ። እውነቱን ልናገር... ያለ እኔም ደህና ማደራቸው ትንሽ ቅር አለኝ። ከዚያ ማንኪያ አምጥቼ አብሬያቸው በላሁ።

አሁን ወንድሜ ቅዳሜና እሁድ እየመጣ ይረከበኛል። ባለፈው እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ሶር ፏፏቴ ሄጄ፣ አንዴም ስልክ ሳልደውል ዋልኩ። አባባም ያው ናቸው፤ ወንድሜን ገንፎ እያስተማሩት ነው።

ሰው መንገድ ላይ «አባትሽ እንዴት ናቸው?» ሲለኝ «ደህና ናቸው» እላለሁ... ከዚያ ሳልጠየቅ «እኔም ደህና ነኝ» ብዬ እጨምርበታለሁ።