ሰይድ እውነት ሊሄድ ነበር?

አላመንኩም። ከቀብር ተመልሼ፣ የጫማዬ አፈር ሳይራገፍ ይህን ስጽፍ እንኳ ገና አላመንኩም።

ጠዋት አጎቱ ጋሽ አህመድ ደወሉልኝ። «ሰይድ ትንሽ አሞታልና እስቲ ብቅ በል» አሉኝ። ትንሽ አሞታል! እኛ አገር ለትንሽ ሕመም በማለዳ ሰው አይጠራም። ድምፃቸውም ከልክ በላይ የተረጋጋ ነበር። «እሱን ራሱን ያገናኙኝ» ስላቸው «ተኝቷል» አሉ። ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

ከምኖርበት ከዋጃ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ቆቦ ስሄድ ስልኬን ከፈትኩ። አዲስ አበባ እያለን አብረን የሠራንበት መሥሪያ ቤት የሰይድን ፎቶ በጥቁር ፍሬም ለጥፏል። እኔ ገና መርዶዬን በወጉ ሳልሰማ እነሱ ፎቶ መርጠው ጨርሰዋል። ከሥሩ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «በቅርቡ ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ቡድናችንን ሊመራ ተስማምቶ ነበር።»

«ውሸታሞች!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝ። ኮሜንቱ ላይ በሕይወት እያለ መልእክቱን መመለስ የከበዳቸው ሁሉ «ወንድማችን» እያሉ ተሰልፈዋል።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሰይድ የቆቦ ልጅ ነው፤ ሥራው ዌብሳይት መሥራት። እኔም ሙያዬ ያው ነው፤ አዲስ አበባ አንድ ጠረጴዛ ተጋርተን ሠርተናል። አንድ ቀን ላፕቶፑን ሸክፎ አገሩ ገባና ቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት መሥራት ጀመረ። ከዚያ እየደወለ እኔን መነዝነዝ ሆነ ሥራው።

«አንተ ሰውዬ፣ እዚያ የምትሠራው እኮ ለቤት ኪራይ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመህ ቢሮ ስትደርስ ጉልበትህ አልቋል። የተረፈችህን ለስብሰባ ትሰጣለህ። ኮድ የምትጽፈው መቼ ነው?»

በመጨረሻ ሥራዬን ለቅቄ ቆቦ አጠገብ ያለችው አገሬ ዋጃ ገባሁ። ዘመዶቼ እስከ ዛሬ «ተባርሮ ነው» ብለው ይጠረጥሩኛል።

ጥርጣሬ ካነሳን ግን የሰይድን የሚያህል አላየሁም። ዌብሳይት ሲከፍት እንደ ኬላ ፈታሽ ነው። የሚንቀሳቀስ ፎቶ ካየ «ይሄ ለማን ነው?» ስልክ ቁጥር አስገባ ካለው «ለምን ፈለጉት? ሊደውሉልኝ ነው?» አንዴ አለቃችን የተሽሞነሞነ አዲስ ገጽ ሲያሳየን ሁላችንም አጨበጨብን። ሰይድ እጁን አጣጥፎ አየና «በጣም ያምራል። ለማን ነው?» አለ። አለቃው ሳቀና ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ።

አገሩ ከገባ በኋላ ደግሞ የራሱን ፈተና አወጣ። አንድ ገጽ ሠርቶ ሲጨርስ ኔትወርኩ ደከም ወደሚልበት ወደ ጎረቤት ከተማ ሮቢት ይዞት ይሄዳል። ባጃጆች ተሳፋሪ የሚጠብቁበት ጋ ቆሞ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ አውጥቶ ይከፍተዋል። ባጃጁ ሞልቶ ከመነሳቱ በፊት ገጹ ካልመጣ ሥራው አላለቀም ማለት ነው። ተመልሶ ፎቶ ያወጣል፣ ኮድ ይቆርጣል።

አንድ ቀን የኔን ሥራ ይዘን ሄድን። ገጼ ሲሽከረከር ባጃጁ ሞላ። ሾፌሩ ሞተሩን እያስነሳ «ኧረ አንተዬ፣ ይኸ ነገር ገበያ ሳይበተን ይከፈት ይሆን?» አለኝ። ሰይድ ከሳቁ ብዛት መንገድ ዳር ቁጭ አለ። እኔ ተናድጄ ነበር፤ ግን ቤቴ ገብቼ ግማሹን ቆረጥኩት።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው «ሊመለስ ነበር» የተባለው።

ስደርስ ታጥቦ ተከፍኗል። ከሱብሂ ሶላት በኋላ «ደረቴን ያዘኝ» ብሎ ጋደም እንዳለ ቀረ። ጋሽ አህመድ ትከሻዬን ይዘው «አብሽር ልጄ፣ የአላህ ውሳኔ ነው» አሉኝ። እኔ ግን፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የማስበው ያንን ጽሑፍ ነበር። ለቀስተኛውን በሙሉ እየጠረጠርኩ ተቀመጥኩ። ማን ያውቅ ነበር? ማን ደበቀኝ? ክፍሉ ውስጥ ግድግዳ የተደገፈ ሻንጣ አየሁ። የእንግዳ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከቀብር ስንመለስ እህቱን ፋጡማን ለብቻዋ ጠራኋት። ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን አላስችል አለኝ።

«ሊሄድ ነበር የሚሉት እውነት ነው?»

መሬት መሬት አየች። ከዚያ «እውነት ነው» አለች። «ኔትወርኩ በጠፋ ቁጥር ሥራው ይሄድበታል። ደንበኛ አይጠብቅ። ደከመው ወላሂ።»

«ታዲያ እኔን ለምን ደበቀኝ?»

«አንተን አፍሮ ነዋ! ‹ከሥራው ነቅዬ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ በምን ዓይኔ አየዋለሁ› ይል ነበር። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ሲል ይኸው...»

ሰሞኑን ስደውልለት ለምን ቶሎ እንደሚዘጋ ያኔ ገባኝ። በቀደም ዋጃ ድረስ መጥቶ ሻይ ስንጠጣ የሆነ ነገር ሊለኝ ጀምሮ «አይ፣ ተወው» ብሎኝ ነበር። እኔም ተውኩት።

ሰይዶ፣ ተናድጄብሃለሁ።

ስለ ከተማ ያልከኝን ግማሹን እኮ አላመንኩህም ነበር። የታክሲውን ሰልፍ ለምጄው ነበር፤ ኪራዩም ያን ያህል አልከበደኝም። ሥራዬን ጥዬ የመጣሁት በክርክር አሸንፈኸኝ መሰለህ? አንተ ከሄድክ በኋላ ያ ጠረጴዛ ጭር ብሎብኝ ነው። ልመለስ ነው ብትለኝ ቢበዛ አንድ ቀን አኩርፌህ በነጋታው ልብሴን እሰበስብ ነበር።

ደህና ሁን ወንድሜ። አላህ ጀነትን ይወፍቅህ። ይኸኛውን መንገድ ግን ልከተልህ አልቻልኩም።