የኔታን ውኃ ሳይነካቸው

የኔታ መኪና ላይ ለመውጣት የተስማሙት እግራቸው ውኃ እንዳይነካ ቃል ገብተንላቸው ነው።

በቤተ ልሔም አካባቢ ድጓ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ነበሩ። እብድ ውሻ ባታቸውን ነከሳቸውና ተማሪዎቻቸው ከመድኃኒት አዋቂ ዘንድ ወስደው ሥር አጠጧቸው። ያን መድኃኒት የጠጣ ሰው የወንዝ ውኃ እየነካው ከተሻገረ መድኃኒቱ ይረክሳል፣ በሽታውም ይነሣበታል ይባላል። እኔ አርብ ገበያ ሳይንስ ላስተምር የመጣሁ ወጣት ነበርሁ። የበሽታው መርፌ ደብረ ታቦር እንደሚገኝ፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን ማንም እንደማይድን ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። በመጨረሻ፣ «መኪና እግሬን ውኃ ሳይነካው፣ ወንዝ ውስጥም ሳትቆም ካሻገረችኝ እሺ» አሉ።

ያገኘናት ሸራ የለበሰች አሮጌ የእህል ነጋዴ መኪና ነበረች፤ ከሾፌሩ ጋር ሦስት ሆነን ተነሣን። ወንዙ መካከል ስንደርስ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለና ጠፋ።

ውኃው ከጉልበት በታች ነበር። ከወንዙ ራስጌ ግን ሰማዩ ጠቁሯል፤ ነጎድጓዱም ይሰማል። ደራሽ ውኃ ከላይ ሲመጣ ታች ያለው ሰው ላይ ጠብታ ዝናብ ላይወርድ እንደሚችል አውቅ ነበር። ስለዚህ ፈራሁ።

ያች መኪና ቤንዚን ከታንከሩ ስቦ ወደ ሞተሩ የሚገፋ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ነበራት። ቁልፉ ሲዞር ጠቅ ጠቅ ማለት አለበት። ሾፌሩ ቁልፉን አዞረ። ሦስታችንም አዳመጥን። የሚሰማው ውኃው ብቻ ነው።

«የኔታ፣ ልዘልዎና ማዶ ላድርስዎ» አለ ሾፌሩ።

«ድንጋዩ ሙልጭልጭ ነው። ብትወድቅ በአፍጢሜ ነው የምትደፋኝ።»

«ጎርፍ ቢመጣስ?» አልኋቸው።

«ጎርፍ ቶሎ ይጨርሳል። በእብድ ውሻ በሽታ የሞተ ሰው ግን አይቻለሁ፤ እስኪሞት በገመድ አስረው ነው ያቆዩት።»

ውኃው ውስጥ ወርደን ኮፈኑን ከፈትን። ሾፌሩ ፓምፑን በመፍቻ እጀታ ቀስ አድርጎ መታው፤ ተጣብቆ ሲቆም አንዳንዴ በዚህ ይነቃል። አልነቃም።

«መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ መድረሱን እንይ» አልሁት። «ኤሌክትሪክ መሄጃም መመለሻም መንገድ ይፈልጋል። መሄጃው በዚህ ሽቦ፣ መመለሻው ደግሞ በመኪናዋ ብረት...»

«አስተማሪ፣ እሱን ክፍል ስትገባ። አሁን እጅህን አውሰኝ።»

ሽቦውን ከፓምፑ ነቅለን ብረቱን ነካ ስናደርግበት ብልጭ አለ። በቤንዚኑ ሽታ ላይ ብልጭታው አስደነገጠኝ። ቢሆንም መሄጃው ደኅና መሆኑን ነገረን። ከፓምፑ ወጥቶ በብሎን ከመኪናዋ ብረት ጋር የታሰረውን ሌላውን ሽቦ ፈታሁት። ሥሩ በወፍራም የደረቀ ነገር ተደፍኗል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሞራ ነዋ። ክረምቱ ሳይገባ ብረቱን ሁሉ ቀባሁት፣ እንዳይዝግ። የቀንበር ጠፍር በሞራ አይደል ከዝናብ የሚተርፈው?»

«ሞራ እኮ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በሬ መሰለችህ?»

«በሬማ ብትሆን እስካሁን ተሻግራ ነበር።»

ብሎኑን በጥርሴ ይዤ ሞራውን በካራ መፋቅ ጀመርሁ። በዚህ መካከል እግሬ ሥር የነበረው ጥርት ያለ ውኃ ደፈረሰ። ጭራሮና ገለባ እየተንሳፈፈ አለፈ። ቅዝቃዜው ጉልበቴን አልፎ ወደ ጭኔ ወጣ። ካራው አዳልጦ አውራ ጣቴን ቆረጠኝ፤ ሕመሙ የተሰማኝ በኋላ ነው። የኔታ ከውስጥ በግዕዝ ይደግማሉ፤ ድምፃቸው እየፈጠነ ሄደ።

ብረቱ ሲያንጸባርቅ ሽቦውን መልሼ አጠበቅሁ። ሾፌሩ ዘሎ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ጠቅ አለ፤ ቆመ። ከዚያ ጠቅ ጠቅ ጠቅ። ሞተሩ ተነሣ። ኮፈኑን እንኳ በደንብ ሳልገጥም ደረጃዋ ላይ ተንጠልጥዬ ወጣን።

ማዶ ደርሰን ዞር ስል የቆምሁበት ድንጋይ አይታይም፤ ወንዙ ጭቃና ግንድ ተሸክሞ ይጮኻል። የኔታ የጋቢያቸውን ጫፍ በእጃቸው ይዘዋል። ከወለሉ በገባ ውኃ ርሷል።

«ነካኝ?» አሉኝ።

«ጋቢዎን ነው የነካው፤ እግርዎ ደረቅ ነው» አልሁ። እግራቸውን ግን አላየሁም፤ ለማየትም ፈራሁ።

«ሌላ ወንዝ አለ?»

«አንድ ይቀራል» አለ ሾፌሩ።

የኔታ ወደመጣንበት ተመለከቱ።

«ወደ ኋላውም ወንዝ ነው እንግዲህ» አሉ። «ንዳ።»