በአብዮት በዓል የነፋሁት ዜማ

ባለፈው ሐሙስ ከዲመካ ወደ ጂንካ ስንመለስ ሚኒባሱ ቀይ አፈር ከተማ ላይ ቆመ። የገበያ ቀን ስለነበር ሰው እስኪሞላ ጠበቅን። ከኋላዬ የተቀመጠ ወጣት ከኪሱ ትንሽ ሃርሞኒካ አውጥቶ ይነፋ ጀመር። ጎበዝ ነው። ተሳፋሪው ደስ አለው፤ የእኔ እጅ ግን ቀዘቀዘ። ከጎኔ የነበረችው ልጄ፣ "እማ፣ አመመሽ እንዴ?" አለችኝ።

"ደህና ነኝ" አልኳት። ለልጆቼ ብዙ አላወራም። ይህን ግን ልጻፈው ብዬ አሰብኩ።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ዘመኑ የደርግ ነው። የምናመልክበት ቤተ ክርስቲያን ታሽጎ፣ በሩ በሰንሰለት ታስሮ፣ ግቢው በቆሎ ተዘርቶበት ነበር። አባቴ የጉባኤው ሽማግሌ ስለነበረ ከሌሎች ወንድሞች ጋር ታስሯል። በየማለዳው እማዬ የቀቀለችውን ጎደሬ በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ ወደ እስር ቤቱ እወስድለት ነበር። ዘበኛው ቅጠሉን ገልጦ ጎደሬውን በጣቱ እየፈረካከሰ ይፈትሻል። አባቴን አያሳዩኝም። ባዶው ቅጠል ሲመለስልኝ መብላቱን አውቃለሁ።

ቤታችን የምንዘምረው ዝናብ ሲጥል ብቻ ነበር። ቆርቆሮው ሲንጫጫ ጎረቤት አይሰማንም። ጂንካ ደግሞ ዝናብ አይጠፋባትም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ካፊያው ሲጀምር እናቶች ነጠላቸውን ተከናንበው አንድ አንድ እያሉ ይመጣሉ። ዝናቡ ድንገት ካባራ መዝሙሩን ከመሃል ቆርጠን ዝም እንላለን።

በዚያው ዓመት ቀበሌው ለኪነት ቡድኑ መረጠኝ። አልፈልግም አይባልም፣ በተለይ አባቱ ለታሰረ። የሃርሞኒካ መምህራችን ጋሽ ታደለ ይባላል። የናዝሬት ሰው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በየከተማው የምሽት ቤት ሃርሞኒካ እየነፋ እንጀራውን የበላ፣ አሁን ደግሞ ከኪነት ቡድናችን ጋር እንዲጫወትና እኛን እንዲያስተምር የተቀጠረ። ሙቀት ሆነ ጭቃ ኮቱን አያወልቅም፤ በየኪሱ አንድ አንድ ሃርሞኒካ አለ። ለእኛ ለተማሪዎቹ የሰጠን ግን አንድ ብቻ ነበር። እየተቀባበልን እንነፋለን፤ እሱም በየመሃሉ አረቄ በነካ ጥጥ ይጠርገዋል። የመጀመሪያው ቀን ቤት ስገባ እማዬ አፌን አሽትታ ግድግዳውን ያዘች። አረቄው ከየት እንደመጣ ምዬ እስካስረዳት ድረስ አላመነችኝም።

"አትንፉው፣ ተንፍሱበት" ይለናል ጋሽ ታደለ። አንዱ ልጅ ጉንጩን ወጥሮ ሲታገል ካየ ደግሞ፣ "ምነው ወንድሜ፣ ፍም አይደለም እኮ የምታራግበው!" ብሎ ያስቀን ነበር።

ሲያስተምር በራሱ ዘፈን አይጀምርም። "ቤታችሁ ከምትሰሙት ዜማ ጀምሩ። አፋችሁ አስቀድሞ ካወቀው ትንፋሹ ራሱ ይመጣል" ይላል። ሌሎቹ የሠርግ፣ የሬዲዮ ዘፈን ነበራቸው። የእኔ አፍ የሚያውቀው መዝሙር ብቻ ነው። ሌላ ነገር ለመፈለግ ሞከርኩ። ወደ ውስጥ ሳብኩ፣ ወደ ውጭ ለቀቅኩ፤ ልቤ ሁሉ ትንፋሼ ላይ ሆኖ ሳላስበው ያ በዝናብ የምንዘምረው መጣ። የሰማሁት ግማሹን ከነፋሁ በኋላ ነው። ደንግጬ አቆምኩ።

"ቀጥዪ እንጂ!"

"አላውቀውም ጋሼ።"

"ታውቂዋለሽ። ደግሞ እንዴት ያምራል! የእናንተ የአሪዎች ዜማ ነው?"

ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ አዎንታ ቆጠረው። በሳምንቱ ያንኑ ዜማ መርጦ፣ በአብዮት በዓል እኔና እሱ በሁለት ሃርሞኒካ እንድንነፋው ወሰነ።

"ሌላ ብንጫወትስ ጋሼ?" አልኩት።

"ይሄ ምን ጎደለው?"

"ምንም።"

ለእማዬ ስነግራት የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች። "መዝሙር ነው በዪው" አለች።

"ከየት ሰማሽው ቢለኝስ? አሁንም የሚዘምር አለ ወይ ቢለኝ?"

የአባቴና አብረውት የታሰሩት ወንድሞች ጉዳይ ከበዓሉ በኋላ ይታያል ተብሎ ነበር። በአደባባይ መዝሙር ነፋች ከተባለ አባቴ እንደማይፈታ፣ በዝናብ የሚሰበሰቡት እናቶችም ወደ እስር ቤት እንደሚከተሉት ሁለታችንም እናውቃለን። እማዬ እስከ በዓሉ ድረስ ቀን ቀን እህል አልቀመሰችም።

በዓሉ በአውሮፕላን ማረፊያው ጠርዝ ባለው ሜዳ ተከበረ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ጭቃው ከጫማችን ጋር ይታገላል። የእሸት በቆሎ ጥብስ ይሸታል። ድምፅ ማጉያው ከረጅም እንጨት ላይ ታስሮ ወደ ከተማው ዞሯል። የቀበሌው ሊቀመንበር ማይክራፎኑን ይዘው፣ "አሁን ደግሞ የጭቁኑ የአሪ ገበሬ ባህላዊ ዜማ ይቀርባል!" አሉ። እዚያ የቆመ አሪ ሁሉ የአሪ ዜማ እንዳልሆነ ለማወቅ የሃርሞኒካችን የመጀመሪያ ትንፋሽ በቃው። ማንም ትንፍሽ አላለም።

ሜዳው ጸጥ አለ። ያ ጸጥታ ነው ያስፈራኝ። ቀና ስል ሰዎች አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ብዙዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ያን ዜማ ያለ ዝናብ ከሰሙት ስንት ጊዜ ሆኗቸዋል! ከፊት የቆሙት እትዬ ራሔል፣ በየዝናቡ ቤታችን የሚመጡት አሮጊት፣ ቀኝ እጃቸው ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲነሣ አየሁ፣ በጉባኤ እንደምናደርገው። እማዬ አጠገባቸው ነበረች። ሊቀመንበሩ አንገታቸውን ዘለግ አድርገው ሕዝቡን ይቃኛሉ።

ጋሽ ታደለ ሕዝቡን አየ። እኔን አየኝ። ከዚያ መድረኩን በእግሩ መታ፣ ደግሞ መታ፤ ዜማውን በአንድ ጊዜ አፈጠነው። በቅንድቡ ተከተዪኝ አለኝ። ተከተልኩት። ያ የጸሎት ዜማ ጭፈራ ሆነ። እማዬ የእትዬ ራሔልን የተነሣ እጅ በአየር ላይ ያዘችና ከራሷ መዳፍ ጋር አጋጨችው። ጭብጨባው ከሁለቱ ጀምሮ ሜዳውን ሞላ።

"ይደገም!" አሉ ሊቀመንበሩ። ደገምነው። በሁለተኛው ትከሻቸውን እያንቀጠቀጡ እሳቸውም ገቡበት።

ስንጨርስ ከመድረኩ ጀርባ ሄጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጋሽ ታደለ ሃርሞኒካውን በጥጥ እየጠረገ መጣ።

"ያልነፋሁበት ከተማ የለም" አለ ቀስ ብሎ። "ሰው ባህላዊ ዘፈን ዓይኑን ጨፍኖ ሲሰማ ግን ዛሬ አየሁ።"

"ጋሼ፣ እኔ . . ."

"ምንም አትንገሪኝ። ካልነገርሽኝ አላውቅም።" ሃርሞኒካውን ኪሱ ከተተ። "ነገ ትምህርት አለ፤ እንዳትቀሪ።"

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ከበዓሉ ይብሱ ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር እማዬና እኔ እንተያያለን። ቅጠሉ ባዶውን በተመለሰ ቁጥር እንተነፍሳለን። አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ በእግሩ መጣ። ጺሙ አድጎ፣ ሸሚዙ ሰፍቶት ነበር። እማዬ እግሩን አጠበችው። ወሬውን የጀመረው እሱ ነው፣ ጎደሬውን እየላጠ።

"በበዓሉ ቀን በድምፅ ማጉያው ያን መዝሙር ሰማን እኮ። ቤተ ክርስቲያኑ ተከፈተ ብለን እዚያው ክፍል ውስጥ ተቃቀፍን፤ ያለቀሰም አለ።" ትንሽ አላመጠና ወደ እማዬ ዞረ። "መጨረሻው ላይ ግን ምን ነካችሁ? ምን አስቸኮላችሁ?"

እማዬ ሳቀች። እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ጋሽ ታደለ በዓመቱ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ፤ ወሬውን የነገረኝ የለም። አንገቱ ላይ ማተብ ነበረው፤ እምነታችን አንድ አልነበረም። ቢናገር ሊሾሙት፣ ቢያንስ ሊያመሰግኑት ይችሉ ነበር። እሱ አለማወቅን መረጠልን። አባቴ በሸመገለ ዕድሜው፣ ከልጅ ልጆቹ መሃል ሆኖ ወደ ጌታው ሄደ። በጸሎቴ የአባቴን ስም ጠርቼ ሳመሰግን የጋሽ ታደለንም እጠራለሁ፤ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም።

ልጆቼ እንዲህ ያለው ፍርሃት ይረሳል ይሉኛል። የእኔ አልተረሳም፤ እጄ ላይ ቀርቷል። እንዲወጣልኝም አልለምንም። ከወጣ ጋሽ ታደለን ይዞብኝ ይሄዳል ብዬ እፈራለሁ።